ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት መኪናውን ማን ነው የሚያየው? (ጎንደር–መተማ መስመር)

አዘዞ ኬላ · ማክሰኞ ማታ 2:20

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለመተማ መስመር ሰዎች።

የሆነውን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ከፈለጋችሁ ስደቡኝ። የምነዳው አይሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪና ነው። ኮድ 3፣ የሰው መኪና። እሁድ አዘዞ ላይ ወደ ገንዳ ውሃ የሚሄድ ሲሚንቶ ጫንኩ። ቅዳሜ ግራ ኋላ ያለው የውስጥ ጎማ ተንፍሶብኝ አስለጥፌው ነበር። ጎሚስታው ሠርቶ አሰረልኝ፣ ከፈልኩ፣ ሄድኩ። ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳን። እንደ ወትሮው ሞተር አስነሳሁ። ጎማዎቹን በጫማዬ መታ መታ አደረግኩ። ረዳቴን «አየኸው?» አልኩት። «አይቼዋለሁ» አለ። በቃ፣ የኛ ፍተሻ ይቺው ናት።

አይከል ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ከኋላ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ቀስ ስል ቀስ ይላል፣ ስፈጥን ይፈጥናል። በሁለቱ ጎማዎች መሀል ድንጋይ የተሰነቀረ መሰለኝ። ረዳቴ መስኮቱን አውርዶ አንገቱን አወጣና «ጋሼ፣ ይሄ ድንጋይ አይደለም» አለኝ። ቆምኩ። ወርጄ በስልክ መብራት ሳየው ቸርኬው (የጎማው ብረት) ላይ ከየዳዶው (ቡሎኑ ላይ ከሚጠብቀው ብረት) ሥር ቀይ መስመር ወርዷል። የዝገት ዱቄት ነው። ዳዶው ደም ያለቀሰ ይመስላል። አንዱ ቡሎን ተቆርጦ የለም። ሌሎቹን ስነካካ አንዱን በጣቴ አዞርኩት። በጣቴ እኮ ነው የምላችሁ! መፍቻ አልያዝኩም።

ከአይከል በኋላ ወደ ቆላ የሚወርደውን ቁልቁለት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሃምሳ ኩንታል ሲሚንቶ ይዤ እዚያ ላይ ቢወጣብኝ ኖሮ ዛሬ ይሄን አልጽፍም ነበር።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። ጠዋት ስንት ደቂቃ ትፈትሻላችሁ? ማንስ ነው የሚፈትሸው፣ እናንተ ወይስ ረዳት? እውነቱን ንገሩኝ፣ ለፈተና የምታወሩትን አይደለም።

ጎሚስታ ነኝ · ማክሰኞ ማታ 2:51

መጀመሪያ እንኳን ተረፋችሁ። ቀጥሎ ደግሞ እኛን ብቻ አትርገሙ።

የኤንፒአር የኋላ ጎማ ድርብ ነው። አሮጌዎቹ ላይ አንዱ ቡሎን ሁለት ዳዶ አለው። የውስጠኛው ዳዶ የውስጡን ጎማ ይይዛል። የውጪው ዳዶ እሱ ላይ ገብቶ የውጪውን ጎማ ይይዛል። አሁን ችግሩን ተመልከት። ሠራተኛው የውስጡን በደንብ ሳያጠብቅ የውጪውን ግጥም አድርጎ ቢያስር፣ ጠዋት በመፍቻ ስትነካው «ጥብቅ ነው» ትላለህ። እውነትህን ነው፣ የውጪው ጥብቅ ነው። የላላው ከሥሩ ያለው ነው። እሱን ለማጥበቅ መጀመሪያ የውጪውን ማላላት አለብህ። የውጪውን ታላላለህ፣ የውስጡን ታጠብቃለህ፣ የውጪውን ትመልሳለህ። አንድ በአንድ፣ ተቃራኒ ለተቃራኒ። ሁሉንም በአንዴ እንዳትፈታ።

ሌላም አለ። የተፈታው የግራ ጎማ ነው አልክ አይደል? በአሮጌዎቹ የጃፓን መኪናዎች የግራ ጎማ ቡሎን ጥርሱ ግራ ነው። የሚጠብቀው እንደ ቀኙ ሳይሆን በተቃራኒው ሲዞር ነው። አዲስ ልጅ ይሄን ሳያውቅ ላቡ ጠብ እስኪል እያጠበቅኩ ነው ብሎ ያላላዋል። ዓይኔ አይቷል።

ቀዩ መስመር ያልከውን ሁሉም ሰው ይያዘው። ዳዶ ሲላላ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ የተፋጨው ዝጎ ይወርዳል። ጠዋት ቸርኬ ላይ ያንን ካየህ አትነሳ።

ጎማ ከተፈታና ከታሰረ በኋላ ደግሞ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ቆመህ እንደገና ማጥበቅ አለብህ። ከአዘዞ ከተነሳህ አይከል ማለት ልክ መጥበቂያው ቦታ ነው። ቡናህን ከማዘዝህ በፊት መፍቻህን አውጣ። በመፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ አስገብቶ እላዩ ላይ መዝለል ግን ማጥበቅ አይደለም። ቡሎኑን እየሳብከው ነው። ዛሬ ጠበቀ ብለህ ትሄዳለህ፣ የዛሬ ወር ይቆረጣል።

እና ለመጨረሻ፦ ቅዳሜ ስትመጣ «ቶሎ በል፣ ጭነት እየጠበቀኝ ነው» አላልክም? ሁላችሁም ትላላችሁ።

አዘዞ ኬላ · ማክሰኞ ማታ 3:02

ብያለሁ። ምን ልዋሽህ።

ሊማሊሞ ጡረተኛ · ማክሰኞ ማታ 3:40

ልጆች፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቻለሁ። ኤንትሬ ፊያት ላይ በረዳትነት ጀምሬ፣ ሊማሊሞን በክረምትም በበጋም ወጥቼ ወርጃለሁ። አሁን ዓይኔ ደክሞ ቤት ነው የምውለው።

በኛ ጊዜ ጎማ በጫማ የሚመታ ሾፌር ይሳቅበት ነበር። በእርግጥ የተነፈሰ ጎማ በድምፁ ይታወቃል፣ አልክድም። ግን ጫማ የሚነግርህ ባዶ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው። በጎኑ የተሰነጠቀውን አይነግርህም። እኔ በእጄ ነበር የማየው። መዳፌን በጎማው ጎን ላይ አዞረዋለሁ። እብጠት ካለ መዳፍ ቶሎ ያውቀዋል። ጨለማም ቢሆን ያውቀዋል። የውስጡንም ጎማ እንዲሁ። ክንድህን አስገብተህ ካልዳሰስከው የውስጡ ጎማ ለዓይን አይታይም። ሸሚዝህ ይቆሽሻል። ይቆሽሽ።

አካሄዱን ልንገራችሁ። ሞተር ከመነሳቱ በፊት ነው የሚጀመረው። መጀመሪያ መኪናው ያደረበትን መሬት እዩ። ሌሊቱን ምን አንጠባጥቧል? ውኃ ነው? ጥቁር ዘይት ነው? ናፍጣ ከሆነ ሽታው ይናገራል። ከጎማ ውስጠኛ ጎን በኩል የወረደ እርጥበት ካያችሁ የፍሬን ዘይት ነው ብላችሁ ያዙት፣ ካልሆነም ደስ ይበላችሁ። ከዚያ ካቢኑን አንስታችሁ ዘይት፣ ውኃ፣ ቺንጊያ (የሞተር ቀበቶ)። ቺንጊያውን በአውራ ጣት ተጫኑት፣ ከገለበጣችሁትም ውስጡ ተሰንጥቆ እንደሆነ ታያላችሁ። ራዲያቶር የሚከፈተው ቀዝቃዛ እያለ ብቻ ነው። ትኩስ ራዲያቶር ከፍቶ ፊቱ የተላጠ ጓደኛ ነበረኝ፣ ነፍሱን ይማረው፣ በሌላ ነገር ነው የሞተው።

ከዚያ ከበርህ ጀምረህ መኪናውን አንድ ዙር ዙር። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ። እኔ ፊቴን ወደ መኪናው አድርጌ በግራዬ ነበር የምዞረው። ለምን? አንድ ቀን ሰው ጠርቶህ አቋርጠህ ብትመለስ የት እንደደረስክ ታውቃለህ። ባሌስትራውን እይ፣ የተሰበረ ቅጠል አለ ወይ። የመሪ ዘንጎቹን በእጅህ ነቅንቅ። የነዳጅ ሰርባቶዮው ክዳን አለው ወይስ ጨርቅ ነው የጠቀጠቁበት?

ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ሲለመድ ደግሞ አሥራ አምስት።

ቀይ ሽብር 12 · ማክሰኞ ማታ 4:05

አያ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያ ዘመን ሌላ ነው። ዛሬ ደላላው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይደውላል። ባለንብረቱ 10 ሰዓት ይደውላል። መንገዱ ለቀናት ተዘግቶ ሲከፈት ደግሞ ሁሉም እኩል ነው የሚሮጠው። ሰልፍ ላይ ሃያ ደቂቃ ከዘገየህ ወረፋህ ሄደ። ወረፋ ከሄደ አበል ሄደ። ባሌስትራ የሚቆጥር ሾፌር ቤቱ ምን ይበላል?

ደግሞ መኪናው ቦሎ አለው አይደል? ተመርምሮ ነው ቦሎ የሚሰጠው።

ሊማሊሞ ጡረተኛ · ማክሰኞ ማታ 4:18

ቦሎው ያለው መስታወት ላይ ነው ልጄ። ፍሬኑ ያለው ታች ነው።

የተሽከርካሪ አዋጁ፣ 681/2002 የሚባለው፣ የዓመቱን ምርመራ ያዛል። ጥሩ ነው። ግን መስከረም ላይ የተመረመረ መኪና መጋቢት ላይ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል? በመሀል ስንቴ ጎማው ተፈትቷል? ይሄ ልጅ የነገረን መኪና እኮ ቅዳሜ ደህና ነበር።

ከማራኪ እስከ ዴንቨር · ማክሰኞ ማታ 5:30

ሰላም የሀገሬ ልጆች። ማራኪ ነው ያደግኩት፣ አሁን አሜሪካ ባለ 18 ጎማ እነዳለሁ። «እዚያማ ሁሉ ነገር አለ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፣ ግን ስሙኝ።

እዚህ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ሲዲኤል የሚሉት፣ ተግባር ፈተናው ሦስት ክፍል ነው። የመጀመሪያው መንዳት አይደለም፣ ፍተሻ ነው። ፈታኙ ወረቀት ይዞ ይቆማል። አንተ መኪናውን እየዞርክ እያንዳንዱን ዕቃ እየነካህ ስሙንና ምን እንደምታይበት ጮክ ብለህ ትናገራለህ። «ይሄ የፍሬን ቱቦ ነው፣ አልተቆረጠም፣ አያፈስም፣ ከሌላ ዕቃ ጋር አይፋተግም።» እንደዚያ እያልክ እስከ ጭራው። እኔ መጀመሪያ ቀን የወደቅኩት መንዳት ላይ አይደለም። እዚህ ላይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አይሱዙ ነድቼ የመጣሁ ሰው ነኝ! እንግሊዝኛዬ ይሁን ኩራቴ የጣለኝ እስካሁን አላውቅም።

ሲኖና ተሳቢ ለምትነዱ፣ ማለትም ሙሉ የንፋስ ፍሬን ላላችሁ፣ እዚያ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ንፋሱን ሙላ፣ ሞተር አጥፋ፣ መኪናው በታኮ ይያዝ፣ የእጅ ፍሬን ፍታ። ፔዳሉን ረግጠህ አንድ ደቂቃ ያዝ። ቀስቱን እይ። ተሳቢ የሌለው መኪና በዚያ ደቂቃ ከ3 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) በላይ መውረድ የለበትም። ተሳቢ ላለው 4። ባር ለለመዳችሁ 0.2 እና 0.3 ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ሞተር ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍተህ ፔዳሉን እየረገጥክ እየለቀቅክ ንፋሱን አውርደው። 55 ፒኤስአይ ላይ ከመድረሱ በፊት ማስጠንቀቂያው መጮህ አለበት። መርገጡን ቀጥል። ከ20 እስከ 45 ባለው መሀል የእጅ ፍሬኑ ራሱ ጧ ብሎ መያዝ አለበት። ሦስቱም ከሆኑ ፍሬንህ ንፋስ ይይዛል። ማስጠንቀቂያው ካልጮኸ፣ ወይም ድምፁ ስለረበሸህ ገመዱን ቆርጠኸው ከሆነ፣ አንተው ታውቃለህ።

ጎማም በቁጥር ነው። የፊት ጎማ ጥርስ ከ3.2 ሚሊሜትር ካነሰ አይሄድም። የሌሎቹ 1.6 ነው። የፊቱ ለምን በዛ? የፊቱ ሲፈነዳ መሪውን ከእጅህ ይዞት ስለሚሄድ ነው።

እዚህ ሕጉ «ሾፌሩ መኪናው ደህና መሆኑን ራሱ ሳያምን አይንዳ» ነው የሚለው። ረዳት የሚባል ነገር የለማ። ብቻህን ነህ። በረዶ ላይ ተንበርክኬ ስፈትሽ ረዳቶቼን አስታውሳለሁ፣ እውነቴን ነው።

ቀይ ሽብር 12 · ማክሰኞ ማታ 5:44

ወንድም ዓለም ጥሩ ነገር ነው የነገርከን፣ ግን ለፍተሻው ጊዜ ይከፈልሃል አይደል? ለኛ አይከፈለንም።

ከማራኪ እስከ ዴንቨር · ማክሰኞ ማታ 5:50

ሃሃሃ፣ ለኔም አይከፈለኝም። የሚከፈለኝ በማይል ነው። ቆሜ ስፈትሽ ገንዘብ አይቆጥርም። ልዩነቱ መንገድ ላይ ሚዛን ጣቢያ አስቁመው ከሥር ገብተው ያዩሃል። ጉድለት ካገኙ መኪናውን እዚያው ያስቆሙታል።

ባለመኪናዋ · ረቡዕ ጠዋት 1:10

እኔ ባለንብረት ነኝ። አንድ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና አለችን፣ ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እኔ ነኝ የማስተዳድራት። ሁልጊዜ ባለንብረት ነው የሚወቀሰው፣ ስለዚህ ልናገር።

ሾፌሮች ጉድለት ይደብቁኛል። ለምን? እኔ እንዳልቆጣ። አንዱ የፍሬን ሸራው ማለቁን ሦስት ሳምንት አውቆ ዝም አለኝ። ታምቡሩ ተበልቶ ብረት ከብረት ሲፋጭ ነው የነገረኝ። ሸራ መቀየር የነበረበት ወጪ ታምቡር መቀየር ሆነ። ሁለት እጥፍም አይደለም፣ ከዚያ በላይ ነው። ብጠይቀው «ከደሞዜ ትቆርጪብኛለሽ ብዬ ፈራሁ» አለኝ። እኔ ቆርጬ አላውቅም። ግን ከኔ በፊት የሠራበት ሰው ይቆርጥ ነበር አሉ።

አሁን አንድ የተማሪ ደብተር ገዝቼ መኪናው ውስጥ አስቀምጫለሁ። ጠዋት ያየውን ጉድለት ይጽፍና ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። የተጻፈው ወጪ የኔ ነው። ሳይጻፍ ቀርቶ መንገድ ላይ የተሰበረ ያወያየናል። ከዚያ ወዲህ ጥሪው በዛ፣ ብስጭቱ ቀነሰ። መጀመሪያ ወር ግን ደብተሩ ላይ በየቀኑ «ሁሉም ደህና» ብቻ ነበር የሚጻፈው። በአንድ ዓይነት ቀለም፣ በአንድ ቀን ተቀምጦ የሞላው ይመስላል። 

አዘዞ ኬላ · ረቡዕ ጠዋት 1:25

እቴ፣ የኔ ባለንብረት እንዳንቺ ቢሆን ግማሹ ችግር አልቋል። የተቆረጠውን ቡሎን ከራሴ ኪስ ነው የገዛሁት። ጎማ አሳሳሪው አንተ ነህ አለኝ። እሱም አልተሳሳተም፣ ግን ደግሞ…

ፊዚክስ ማራኪ ግቢ · ረቡዕ ጠዋት 3:00

ሾፌር አይደለሁም፣ አባቴ ነው ሾፌሩ። ስለ ጎማ ንፋስ አንድ ነገር ልበል፣ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የምንከራከርበት ነው።

ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። መተማ ከ800 ሜትር በታች ናት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል፣ ያልፋልም። ሁለት ነገር ይሆናል። ከከፍታ ስትወርድ የውጪው አየር ይከብዳል፣ ስለዚህ መለኪያው በ2 ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል። ይሄ ትንሽ ነው። ሙቀቱ ግን ትልቅ ነው። ጎማው 100 ላይ ተሞልቶ ከሆነ በየ10 ዲግሪው ወደ 4 ፒኤስአይ ይጨምራል። ጎማው ራሱ ደግሞ ሲሽከረከር ከአየሩ በላይ ይሞቃል።

አባቴ ገንዳ ውሃ ሲደርስ «ጎማው ተወጥሯል» ብሎ ያስተነፍስ ነበር። ይሄ ነው ስህተቱ። ጎማው ሲሞቅ መወጠሩ የተጠበቀ ነው። ትኩሱን አስተንፍሰህ ስትመለስ፣ ጎንደር ላይ ሲቀዘቅዝ የጎደለ ጎማ ይሆናል። የጎደለ ጎማ ደግሞ ጎኑ ይታጠፋል፣ መታጠፉ የበለጠ ያሞቀዋል፣ በመጨረሻ የሚፈነዳው እሱ ነው። ሰው የሚመስለው ንፋስ የበዛበት ነው የሚፈነዳ። በጭነት መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ስለዚህ ለካ ጠዋት፣ ከመነሳትህ በፊት፣ በቀዝቃዛው።

ጎሚስታ ነኝ · ረቡዕ ጠዋት 3:12

ይሄን ልጅ ስሙት። ደግሞ ሁለቱ ድርብ ጎማዎች እኩል ይሁኑ። አንዱ ከጎደለ ጭነቱን ሌላው ብቻውን ይሸከማል።

ሳይቃጠል በቅጠል · ረቡዕ ቀን 5:15

ስሜን እዩት፣ ሌላ የምጨምረው የለኝም 😂

ቅጥቅጥ ሾፌር · ረቡዕ ቀን 6:40

እኔ ሰው ነው የምጭነው፣ ደባርቅ መስመር። አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። አብዛኞቻችን ያለን አሮጌ ኤንፒአር የዘይት ፍሬን ነው፣ በቫኪዩም የሚታገዝ። ለሱ የንፋሱ ሙከራ አይሠራም። ሌላ ሙከራ አለው።

ሞተር ጠፍቶ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጥ። እየጠነከረ ይመጣል። ሲጠነክር ረግጠህ እንደያዝክ ሞተር አስነሳ። ፔዳሉ ከእግርህ ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ እገዛው ይሠራል። ድንጋይ ሆኖ ከቀረ አይሠራም፣ አትውጣ። ከዚያ ረግጠህ ያዘው። ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ አንድ ቦታ እያፈሰስክ ነው። ይሄ ሁሉ አንድ ደቂቃ ነው።

ይሄ ከገባችሁ ናፍጣ ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ በዜሮ ማርሽ ሞተር አጥፍቶ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ሞተር ከጠፋ ቫኪዩም የሚሠራ የለም። የቀረህ ሁለት ሦስት ርግጫ ነው። ከዚያ ጡንቻህ ነው። ሊማሊሞ ላይ ጡንቻ አይበቃም።

ኤግዞስት ብሬክ (ጭስ ማውጫውን ዘግቶ መኪናውን የሚያዘገየው) ያላችሁም ጠዋት ሞክሩት። ብዙው ላይ ተበላሽቶ ዓመት አልፎታል።

ሊማሊሞ ጡረተኛ · ረቡዕ ቀን 7:05

በወጣህበት ማርሽ ውረድ። እኛ ይሄንን ነበር የምናውቀው።

ረዳት ነኝ · ረቡዕ ማታ 1:48

ከትናንት ጀምሮ እያነበብኩ ነው። ሁላችሁም «ረዳቱን አየኸው አልኩት፣ አይቼዋለሁ አለ» ነው የምትሉት። እሺ፣ ረዳቱ እኔ ነኝ። የኬላው አይደለሁም፣ የሌላ ሰው ረዳት ነኝ። ግን ያው ነን።

ጭነት እጠብቃለሁ ብዬ መኪናው ላይ ነው የማድረው። ሸራ ሥር። ከሌሊቱ 9 ተኩል ጋሼ ይመጣል፣ እነሳለሁ። ዓይኔ ሳይገለጥ «አየኸው?» ይለኛል። ምኑን ነው የማየው? ማንም ቆሞ «ይሄ እንዲህ ሲሆን ጥሩ ነው፣ እንዲህ ሲሆን መጥፎ ነው» ብሎ አሳይቶኝ አያውቅም። የዳዶውን ነገር፣ ሁለት መሆኑን፣ እዚህ ነው ያነበብኩት። ሁለት ዓመት ጎማ ሳወርድ ሳወጣ ኖሬ!

«አላየሁም» ብል ደግሞ ስድብ ነው። «ጉድለት አለ» ብል «አንተ ምን ታውቃለህ» ነው። ስለዚህ «አይቼዋለሁ» እላለሁ። ሁሉም ረዳት እንደዚያ ነው የሚለው። ይሄ ማየት አይደለም፣ ሰላምታ ነው። እንደምን አደርክ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የኬላው ረዳት ግን አንገቱን አውጥቶ «ድንጋይ አይደለም» ማለቱን ልብ በሉ።

አዘዞ ኬላ · ረቡዕ ማታ 2:09

ይሄን አንብቤ ለትንሽ ጊዜ ስልኩን አስቀመጥኩት። እውነትህን ነው። ስሙን አልጽፍም እንጂ ያን ቀን ያዳነኝ እሱ ነው፣ እኔ ደግሞ ሚስቴ ፊት «ረዳቱ ሳያይ ቀርቶ» ብዬ ነው ያወራሁት።

ቀይ ሽብር 12 · ረቡዕ ማታ 2:30

እኔም ከረዳትነት ነው የመጣሁት። ሰላምታ ነው ያልከው ልክ ነው፣ በጣም ነው የሳቅኩት፣ ከዚያ አፈርኩ።

ነጋዴ ባህር ሰሊጥ · ሐሙስ ጠዋት 4:20

ከመመለሻው በኩል አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት ብቻ አይደለም። ከመተማ ሰሊጥ ጭናችሁ ስትወጡ ያንኑ ዙር ዙሩ። የሰሊጥ ጆንያ ይንሸራተታል፣ መተማ ላይ ደህና የነበረ ገመድ አይከል ሲደርስ ላልቶ ታገኙታላችሁ። ጭነቱ ይቀመጣል እኮ። ገመዱ አልረዘመም፣ ጭነቱ ነው ያጠረው። ሸራውም ፍሬቻና የኋላ መብራት እንዳይሸፍን እዩ። አቧራውንም ጥረጉት። መብራት በርቶ የማይታይ መኪና ከኋላው ለሚመጣ ሰው ያልበራ ማለት ነው።

ጎሚስታ ነኝ · ሐሙስ ጠዋት 4:31

የስኮርታውንም (የትርፍ ጎማውን) ንፋስ ለኩ እባካችሁ። ስንቱ ነው የተነፈሰ ስኮርታ ይዞ በረሃ የሚወርደው። ክሪኩም ያንሳ፣ መፍቻውም ለዳዶው ልኩ ይሁን።

አዘዞ ኬላ · እሁድ ማታ 3:15

ተመልሻለሁ። አርብ ወረድኩ፣ ዛሬ ገባሁ።

አርብ ረዳቴን ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ቀሰቀስኩት። «ዛሬ አብረን ነው የምንዞረው፣ እኔ እያወራሁ አንተ እየነካህ» አልኩት። መጀመሪያ የማሾፍበት መሰለው። መሬቱን አየን፣ ደረቅ ነው። ካቢን አነሳን። ቺንጊያውን በጣቱ ገልብጦ «ጋሼ፣ ይሄ መሰንጠቅ ይባላል?» አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቋል። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ። እኔ ከላይ ነበር የማየው፣ ከላይ ደህና ነው።

ባለንብረቱ ጋ ደወልኩ። ፎቶ ላኩለት። እንደ ባለመኪናዋ ይሆናል ብዬ ነበር፣ አልሆነም። ጮኸብኝ። ግን ጮሆ ሲያበቃ ሱቁ እስኪከፈት ጠብቀህ ግዛ አለኝ። ወረፋዬ ሄደ። ሦስት ሰዓት ላይ ነው የተነሳነው።

ፍተሻው ራሱ 24 ደቂቃ ነው የፈጀው፣ ለካሁት። የውጪዎቹን አንድ በአንድ እያላላን ውስጠኛ ዳዶዎቹን ሁሉንም አጥብቀን፣ የውጪዎቹን መልሰን፣ ረዳቴ በጠመኔ ከዳዶው እስከ ቸርኬው መስመር አሰመረባቸው። አይከል ስንደርስ መኪናው ገና ሳይቆም ዘሎ ወረደ። መስመሮቹን አንድ በአንድ አይቶ መጣና «አንዷ ተዛብታለች፣ ቀኝ ኋላ፣ ሦስተኛዋ» አለኝ። ሄጄ አየሁት። ጥፍር የሚያህል ነው የሄደችው። አጠበቅናት። መስመሩን በእጅጌው ጠርጎ አዲስ አሰመረ።

ጠመኔውን ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። ከእህቱ ቦርሳ ነው የሰረቀው፣ አስተማሪ ናት። ነገ አንድ ፓኮ ልገዛላት ነው።